ደርሶ መልስ በአንድ ሙሌት

የካቲት 6

ችኩሌ፣

ጤንነትሽን ከእጅ ጽሑፍሽ አወቅሁት። ፊደሎችሽ እንደ ልማዳቸው ወደ ቀኝ ተንጋደው ይሮጣሉ፤ እንግዲያው ደህና ነሽ ማለት ነው። እኔም ደህና ነኝ። ጉልበቴ ደረጃውን ሲያይ ያጉረመርማል እንጂ ይወጣዋል።

የመድኃኒት መኪናው ሾፌር ደብዳቤሽን በበሩ ሥር አሾልኮልኝ ሄደ። ስልክ በማይደርስበት ቦታ መሥራትሽ አንድ ጥቅም አለው፤ ያልሽኝን ሁለት ጊዜ አንብቤ ነው የምመልሰው።

ጥያቄሽ ገብቶኝ እንደሆነ ልድገመው። ለሆስፒታላችሁ የተሰጠው ትልቁ የቤንዚን ፒካፕ፣ ሰዉ «ዝሆኑ» የሚለው፣ በአንድ ሙሌት ሜዳውን ተሻግሮ እስከ መጨረሻው መንደር ይደርሳል፤ ሲመለስ ግን ከተማው እየታየው ቤንዚን ይጨርሳል። በመንገዱ ላይ ማደያ የለም። እስከ ዛሬ የጎደለውን በጀሪካን ትሞይ ነበር። አሁን የትራንስፖርት ኃላፊው በሽተኛ በሚተኛበት መኪና ላይ ጀሪካን መጫን ከግንቦት መጨረሻ ጀምሮ ከልክሏል። (ልክ ነው፤ በዚህ አትከራከሪው።) ያን ጊዜ ራሱ አብሮሽ ይሄዳል። ዝሆኑ በአንድ ሙሌት ደርሶ ከተመለሰ የመጨረሻው መንደር ጉዞ ይቀጥላል። ካልተመለሰ ይሰረዛል፤ የዚያ ሰፈር እናቶችም ያለ አዋላጅ፣ ያለ አንቺ፣ ይቀራሉ። ይኸው ነው?

ደብዳቤሽን ካነበብኩ በኋላ አንድ ስሌት ሠራሁ። በአንድ የሻይ ብርጭቆ ቤንዚን ውስጥ ያለው ጉልበት፣ ሞተሩ አብዛኛውን በሙቀት ካባከነው በኋላ እንኳ፣ ያን ዝሆን ከመሬት አንሥቶ ከአሥር ፎቅ ሕንፃ ጣሪያ ላይ ለማስቀመጥ ይበቃል። ያን ሁሉ ዘመን ፊዚክስ ሳስተምር የብርጭቆዋን ነገር አንድም ቀን አላሰብኩትም። አንቺ ደግሞ ይህን ጉልበት በየመንገዱ ትደፊዋለሽ!

አካሄዳችን እንዲህ ይሁን። አንድ ጊዜ አንድ ነገር ብቻ ቀይሪ። ሁለት ነገር አብረሽ ከቀየርሽ የትኛው እንደ ረዳሽ አናውቅም። ሁልጊዜ በዚያው ደልዳላ ቦታ አቁመሽ እስከ አፉ ሙይው። መጀመሪያ ጎማዎቹ፤ ጠዋት ሳይሞቁ ይለኩ፤ በሾፌሩ በር ጠርዝ ላይ የተጻፈውን ያህል ይነፉ። ቀጥሎ የማትጠቀሚበትን ብረት ሁሉ አውርጂ። ውጤቱን ጻፊልኝ። «ጥሩ ነው» የሚል ቃል አልቀበልም።

ወንድምሽ

የካቲት 24

ጋሼ፣

ደህና ነህ ወይ ብዬ አልጠይቅህም፤ ዝሆን ጣሪያ ላይ የሚያወጣ ሰው ደህና ነው።

በሾፌሩ በኩል «ይህን ያህል የምትጨነቂው ለማን ነው?» ብለህ ልከህብኛል። ለመንደሩ ሁሉ ነው። እውነቱን ከፈለግህ ግን አንዲት ሴት አለች፤ የመንደሩን የውሃ ሞተር የሚጠብቀው ሰውዬ ሚስት። ሁለት ጊዜ አርግዛ ሁለቱንም ጊዜ ምጥ ሲጠናባት እኔ ሜዳው ማዶ ነበርኩ። ሁለቱም ሕፃናት አልተረፉም። ሦስተኛውን በሰኔ ትጠብቃለች። ከተማ መጥታ እኔ ዘንድ እንድትቆይ ለመንኳት። «አማቴ አልጋ ላይ ናቸው፤ እሳቸውን ማን ያገላብጣቸው?» አለችኝ። ጉዞው ከተሰረዘ የምትወልደው ብቻዋን ነው። በቃ፣ ነገርኩህ።

አሁን ወደ ትምህርትህ። ጎማዎቹ ሆዳቸው መሬት ላይ ተኝቶ ነበር፤ ተነፉ፤ ልዩነቱ ታየ። ከጣሪያው የዕቃ መጫኛውን ፖርቶመጋላ አወረድን፤ ከፊቱ የመከላከያውን ወፍራም ብረት ፈታን፤ ከጭነቱ ላይ ደግሞ የተሰበረ አልጋ፣ የማን እንደሆነ ያልታወቀ ክሪክና ከአምናው ጎርፍ የቀረ አሸዋ በከረጢት አወጣን። ዘበኛው ቆሞ ሲያይ ቆየና፣ «ሲስተር፣ ዝሆኑን እኮ ራቁቱን አስቀሩት!» አለኝ።

አንድ ነገር ደግሞ ሳላስፈቅድህ አድርጌያለሁ፤ እንዳትቆጣ። ከመንገድ ስመለስ መኪናውን አቁሜ የልጆችን ግንባር እንደምዳስሰው በእጄ ጀርባ እያንዳንዱን ጎማ ዳሰስኩ። ሦስቱ ለብ ብለዋል፤ የቀኝ የኋላው ግን ያቃጥላል። መካኒኩ ከፈተውና ሳቀብኝ። «ሲስተር፣ ፍሬኑ አንዴ ከያዘ አለቅም ብሏል። ይሄን ሁሉ ጊዜ ፍሬን ረግጠሽ ነበር የምትነጂው ማለት ነው!»

ዝሆኑ ትኩሳት ነበረው፣ ጋሼ። ይህን ሁሉ ወር ትኩሳት ይዞ ተሸክሞኛል።

እህትህ

መጋቢት 3

ችኩሌ፣

ስለ ሴትዮዋ የጻፍሽውን ሁለት ጊዜ አነበብኩት። እኔ መጻፍ የምችለው ስለ መኪናው ነው። ስለ መኪናው ስጽፍ ግን ለእሷ እንደምጽፍ ቁጠሪው።

ትኩሳቱን በእጅሽ ጀርባ ማግኘትሽን ክፍል ውስጥ ብሆን አስጨብጭቤልሽ ነበር። ሳትጠይቂ መለወጥሽን ግን አላጨበጭብለትም።

መሪ ጨብጬ እንደማላውቅ አንቺም ታውቂያለሽ። ስለዚህ ሰሞኑን አውቶቡስ ስሳፈር ከሾፌሩ ጀርባ እየተቀመጥኩ እግሩን አያለሁ። ትናንት ዞር ብሎ፣ «አባባ፣ ጫማዬን ወደዱት እንዴ?» አለኝ። «ጫማህን አይደለም፣ እግርህን ነው» አልኩት። ተሳፋሪው ሁሉ ሳቀ፤ እሱ ግን ከዚያ በኋላ ሙሽራ እንደ ጫነ ተጠንቅቆ ነዳ። ያየሁት ይህን ነው፤ ቀይ መብራት ከሩቅ ሲያይ እግሩን የሚያነሣ ሾፌርና እስኪደርስ ገስግሶ ፍሬን የሚረግጥ ሾፌር እኩል ይደርሳሉ። ሁለተኛው ያን ሁሉ ቤንዚን ያቃጠለው ፍሬኑን ለማሞቅ ነው።

ቀጥሎ የምነግርሽን ሦስት ጊዜ አስልቼዋለሁ። ዝሆኑ አንድ ኪሎ ሜትር ሲሄድ ከፊቱ ገፍቶ የሚያሳልፈው አየር ከራሱ ከዝሆኑ ይከብዳል። መስኮቴን ከፍቼ ከደጄ ካለው ፌርማታ በላይ ያለውን ባዶ ቦታ አየሁት። ባዶ አይደለም! ስንኖር ሁሉ የምንዋኝበት ከባድ ነገር ነው፤ አይታይም እንጂ። ፍጥነትሽ ከሰባ ወደ መቶ ሲወጣ ይህ የማይታይ ነገር በእጥፍ ይገፋሻል። ስለዚህ በሰባ ንጂ።

የጭነቱን የኋላ መዝጊያ፣ ስፖንዳውን፣ ላውርደው ወይ ብለሽ በሾፌሩ ለላክሽብኝ፣ አዎ፣ አውርጂው። የተዘጋ ሳጥን ነፋሱን እንደ ጃንጥላ ይይዛል፤ ሲከፈት ነፋሱ በኋላ ይወጣል። በዚህ ጥርጥር የለኝም። ብቻ ከፍጥነቱ ጋር አብረሽ አትሞክሪው። በተለያየ ጉዞ።

ወንድምሽ

መጋቢት 21

ጋሼ፣

ሰላምታውን ለሌላ ጊዜ አቆይልኝ። የመድኃኒቱ ሾፌር ሞተሩን በሚኒሞ አስነሥቶ ይጠብቀኛል፤ ቆሞ ነዳጅ ሲጠጣ ማየት ድሮ አይታወቀኝም ነበር፤ አሁን ያንገበግበኛል።

በሰባ መንዳቱ ሠራ። ያን ያህል ይሠራል ብዬ አልገመትኩም።

ስፖንዳውን አውርጄ የሄድኩበት ጉዞ ግን ብሷል። አዎ፣ እርግጠኛ ነኝ። አዎ፣ በዚያው ደልዳላ ቦታ ነው የሞላሁት። አዎ፣ በሰባ። ነፋስም አልነበረም። አንድ ጊዜ አንድ ነገር እያልክ ሙሉ ጉዞ አስበላኸኝ። የሴትዮዋ ሆድ እኮ ተራ አይጠብቅም፤ በየቀኑ ይገፋል። ታምነኛለህ ወይስ አታምነኝም?

እህትህ

መጋቢት 28

ችኩሌ፣

አንቺን አምንሻለሁ። የምጠራጠረው ልኬቱን ነው። ምናልባት ስትሞይው መኪናው በአንድ ጎን አዘንብሎ ይሆናል፤ ምናልባት ጭነትሽ ከብዷል።

ድገሚው። ጊዜ እንደሌለሽ አውቃለሁ። ያልተረጋገጠ ነገር ይዘሽ ከኃላፊው ጋር ሜዳ ከምትገቢ ግን ዛሬ አንድ ጉዞ ብታጠፊ ይሻላል። ይህን ስታነቢ ምን እንደምትይኝ እዚህ ሆኜ ይሰማኛል። በይኝ፤ ግን ድገሚው።

ወንድምሽ

ሚያዝያ 12

ጋሼ፣

ቁጭ ብለህ አንብበው።

ደገምኩት። እንዳልከኝ ስፖንዳውን አውርጄ እስከ መጨረሻው መንደር ሄድኩ። ስመለስ የውሃ ሞተር ጠባቂው ለበሽተኞቻችን ፍራሽ የሚሆን ጭድ ጫነልኝ። ከረጢት ስላልበቃው ግማሹን ዝም ብሎ በተነው። «ሲስተር፣ እንዲህ ተከፍቶማ ጭዱ ሁሉ ሜዳ ላይ ይቀራል» ብሎ ስፖንዳውን ዘጋው። እኔ «ተዘጋም ተከፈተ ነፋሱ ያው ይወስደዋል» ብዬ በልቤ እየሳቅሁ ተነሣሁ።

ትንሽ እንደ ሄድኩ በመስታወት አየሁ። አንድም ጭድ አልወጣም! እንደውም ከስፖንዳው በኩል ያለው ጭድ ቀስ እያለ ይሳባል፣ ወደ ፊት፣ ወደ እኔ! መኪናው ወደ ፊት እየሄደ፣ ነፋሱ ወደ ኋላ እየነፈሰ፣ ጭዱ ወደ ፊት ይመጣል። አቁሜ ወረድኩ። ከሾፌሩ ክፍል ጀርባ ልክ ሰው በመጥረጊያ እንደ ሰበሰበው ተከምሯል። እዚያ ሜዳ መካከል ብቻዬን ቆሜ አፌን በእጄ ያዝኩ።

ከዚያ ስፖንዳውን አውርጄ ጥቂት ሄድኩ። የመጀመሪያው እፍኝ እንደ ወፍ መንጋ ተነሥቶ በኋላ ወጣ። ዘጋሁት፤ ጭዱ ተቀመጠ።

በማግስቱ ከተማው አጠገብ ባለው አጭር መንገድ ላይ አንዴ ዘግቼ፣ አንዴ ከፍቼ ለካሁ። ሲዘጋ ይሻላል። ለምን እንደሆነ አላውቅም። አንተ ንገረኝ።

እህትህ

ሚያዝያ 20

ችኩሌ፣

ተሳስቻለሁ። እንዲህ ደስ እያለኝ የተሳሳትኩበትን ቀን አላስታውስም።

ደብዳቤሽን እንዳነበብኩ የጫማ ካርቶን አንሥቼ፣ ከፊቱ እንደ ሾፌር ክፍል የሚሆን ጣውላ አቁሜ፣ ማራገቢያውን ፊት ለፊቱ አድርጌ የጥጥ ብናኝ በተንኩበት። ወለል ላይ በደረቴ ተኝቼ ሳይ አከራዬ በሩን ከፈቱ። «መምህር! ምን ሆኑብኝ?» ብለው ወደ እኔ ሮጡ። «አልወደቅኩም፣ ይምጡ ይዩ» አልኳቸው። ሁለት ሽማግሌዎች ወለል ላይ ተንበርክከን ካርቶን አየን።

ነፋሱ ሳጥኑ ውስጥ ይገባና አይወጣም፤ እንደማይታይ ጎማ እየተሽከረከረ ይቀመጣል። ከታች ወደ ፊት፣ ከላይ ወደ ኋላ። ከላይ የሚመጣው ነፋስ ደግሞ በዚያ ጎማ ላይ ተንሸራትቶ ያልፋል። ስፖንዳውን ስታወርጂ ያን ጎማ ታፈርሺዋለሽ። ጃንጥላ ያልኩት ከሐሳቤ ያመጣሁት ነው፤ አላየሁትም ነበር። አከራዬ ወደ ካርቶኑ ጠጋ ብለው፣ «ክዳን የሌለውን ዕቃ ነፋሱ ራሱ ከደነው ማለት አይደል?» አሉ። እኔ ከዚህ የተሻለ አስረድቼ አላውቅም።

ስፖንዳው ተዘግቶ ይቅር። የቀረው የእግርሽ ነገር ነው፤ ስስ ጫማ አድርጊና የቤንዚኑን ፔዳል በእንቁላል ላይ እንደምትረግጪ ርገጪው፤ ከዚያ ሙሌቱ ይበቃ እንደሆነ ጻፊልኝ። በሚቀጥለው ስለ ሴትዮዋም ጻፊልኝ።

ወንድምሽ

ግንቦት 9

ጋሼ፣

አዎ፣ ወፍራሙን ቦት ጫማዬን ትቼ በስስ ጫማ ነው የምነዳው፤ የቤንዚኑ ፔዳል ከእግሬ ሥር የሚተነፍስ ነገር ሆኗል። በእንቁላል ላይ እንደምትረግጪ ርገጪው ብለኸኝ አልነበር? ረገጥኩት፤ ሜዳው ተከፈተልኝ። ይህን ያህል ዓመት የተመላለስኩበት ሜዳ ዝርግ ይመስለኝ ነበር። አይደለም! ቀስ ብሎ ይወጣል፣ ቀስ ብሎ ይወርዳል። ዓይን አያየውም፤ እግር ግን ያውቀዋል። ቁልቁለቱ የት እንደሚጀምር በእግሬ አውቄ ሳነሣ ዝሆኑ ራሱን ችሎ ይንሸራተታል፤ ድምፁ እንኳ ይጠፋል።

ይበቃል ወይ ብለህ ጠይቀሃል። በአጭሩ መንገድ ካወጣሁት ሒሳብ ይበቃል፤ ለጥቂት። ነፋስ ከፊት ከመጣ አላውቅም።

ስለ ሴትዮዋም ጠይቀሃል። ሕፃኑ ተጋድሟል። በእጄ ቀስ ብዬ አስተካከልኩት፤ በሚቀጥለው ጉዞ እንደገና ተጋድሞ አገኘሁት። እንዲህ ከቀረ በምጥ አይወጣም፤ የሐኪማችን ቢላዋ ያስፈልገዋል፤ ሐኪሙ ደግሞ ያለው እዚህ ነው። ባሏ ስወጣ እስከ መኪናው ሸኘኝና፣ «ሲስተር፣ በሰኔ ትመጫለሽ አይደል?» አለኝ። እመጣለሁ አልኩት። ይህን ለማለት ፈቃድ አልነበረኝም።

እህትህ

ግንቦት 26

ጋሼ፣

ወረቀቱን የኮሪደር ግድግዳ ላይ አስደግፌ ነው የምጽፈው። ሾፌሩ ሊሄድ ነው።

ኃላፊው ታንኩን በገዛ እጁ እስከ አፉ ሞላው። ስንሄድ መንገዱን ሙሉ ሲቀልድብኝ ነበር። «ሲስተር፣ ኤሊ እኮ አለፈችን!» ይለኛል። መንደሩ ስንደርስ ቀልዱ አለቀ። ከቀኗ በፊት ምጥ ይዟታል፤ ሕፃኑ እንደ ተጋደመ ነው። ከኋላ ፍራሽ ላይ አስተኛናት፤ ባሏ ጭንቅላቷን ያዘ። እኔ ከእሷ መለየት አልችልም። ስለዚህ መሪውን ለኃላፊው ሰጠሁት።

«እበራለሁ፣ አትስጊ» አለኝ። «ከበረርክ ሜዳው መሀል እንቆማለን፤ እሷም እዚያው ትቀራለች» አልኩት። «መስኮቱን አንዴ ሳንኳኳ እግርህን አንሣ፤ ሁለቴ ሳንኳኳ ቀስ ብለህ እንቁላል እንደምትረግጥ ርገጥ። ሌላ ምንም አታድርግ።» አየኝ። «እሺ፣ እታለም» አለ። ሲስተር አላለኝም።

ነፋሱ ከፊት መጣ። ወደ ስድሳ አወረድነው። አንድ እጄ ሆዷ ላይ፣ አንድ እጄ መስታወቱ ላይ ነበር። ቁልቁለቱ ሲጀምር ከወለሉ በጉልበቴ አውቄ መስታወቱን አንኳኳለሁ፤ ያነሣል። ነፋሱ ከላያችን ያፏጫል፤ ከስፖንዳው ውስጥ ግን የፀጉሯ ጫፍ ብቻ ነበር የሚንቀሳቀሰው። ከተማው ሲታይ በክሩስኮቱ ላይ ቤንዚን ማለቁን የሚናገረው ቀይ መብራት ከበራ ቆይቶ ነበር። አላየሁትም፤ ኃላፊው ነው በኋላ የነገረኝ። ገባን፣ ጋሼ። በራሱ ጉልበት ገባ። ኃላፊው ወርዶ ኮፍያውን አወለቀና የዝሆኑን ግንባር ሲዳብስ አየሁት።

ሾፌሩ ጡሩምባ እየነፋ ነው።

እህትህ

ግንቦት 29

ችኩሌ፣

ስለ መኪናው ጻፍሽልኝ። ስለ ነፋሱ ጻፍሽልኝ። ስለ ኃላፊው ኮፍያ ሳይቀር ጻፍሽልኝ።

ፊደሎችሽ በዚህ ደብዳቤ ላይ አይሮጡም። ቀጥ ብለው ቆመዋል። እንደዚህ ጽፈሽልኝ አታውቂም።

ሾፌሩን «እንዲያው ምን ሰማህ?» ብዬ ያዝኩት፤ «አባባ፣ እኔ ካርቶን ነው የማደርሰው» አለኝ። ዛሬውኑ መልስ ይዞልሽ እንዲመለስ ለምኜዋለሁ። የመጨረሻው መንደር ጉዞ ተፈቀደ ተከለከለ ይቆየኝ። ስለ እናቲቱና ስለ ሕፃኑ አንድ ቃል ጻፊልኝ። ክፉም ቢሆን ጻፊው።

ወንድምሽ

ሰኔ 4

ጋሼዬ፣

ደብዳቤውን ስጽፍልህ የቀዶ ጥገናው ክፍል በር ገና አልተከፈተም ነበር። የማላውቀውን መጻፍ አልቻልኩም። የማውቀውን ብቻ ጻፍኩልህ፤ ፊደሉን አንድ በአንድ እየያዝኩ።

በሩ ሲከፈት መጀመሪያ የወጣው ድምፅ ነው። ከዚያ ሐኪሙ። ሴት ልጅ ናት። እናቷም በሕይወት አለች፤ ዛሬ ተደግፋ ቁጭ አለች። ባሏ ከአልጋው እግር ሥር ተቀምጦ ልጅቷን ያያል፤ አይነካትም፤ ብቻ ያያል። አማቲቱን ጎረቤት ይዛቸዋለች።

ኃላፊው በማግስቱ በታንኩ ውስጥ የቀረውን ቤንዚን ራሱ ቀዳው። ከባልዲው ሥር ብቻ ነበር። ባልዲውን ወደ እኔ አዘነበለው። «ይቺ ናት ያተረፈቻቸው?» አለ። ጉዞው ይቀጥላል። ፈርሟል። ሌሎቹን ሾፌሮች እንዳስተምርለትም ይፈልጋል፤ «በማንኳኳት ከሆነ እሺ» ብዬዋለሁ።

አንድ ነገር ልንገርህና ልጨርስ። ዛሬ ጠዋት እናቲቱን፣ «መንገዱ ላይ በጣም አሳመመሽ?» ብዬ ጠየቅኋት። አሰበችና ምን አለችኝ መሰለህ? «ምጡ ያመኝ ነበር። መንገዱ ግን… ሲስተር፣ መኪናው መሄዱን አላወቅኩም። ሜዳው ራሱ ተሸክሞ ወደ ከተማ የሚወስደኝ ነበር የመሰለኝ።»

እህትህ

ሰኔ 7

ችኩሌ፣

ደብዳቤሽን ለአከራዬ ጮክ ብዬ አነበብኩላቸው። እሳቸው አለቀሱ። እኔ ከእናቲቱ ቃል ላይ ስደርስ በልማዴ ላርመው እርሳሴን አነሣሁ። ሜዳ አይሄድም ልል ነበር።

ከዚያ እርሳሱ እጄ ላይ ቀረ። በእኩል ፍጥነት፣ ሳይናጥ የሚሄድ ሰው መሄዱን በምንም መንገድ አያውቅም፤ መሬቱ ነው የሚሄደው ቢል ማንም ሊያስተባብለው አይችልም። ይህን በስንት ክፍል ፊት ቆሜ ተናገርኩ! ተማሪዎቼ ለፈተና ጻፉልኝ እንጂ አንዱም አላመነኝም። አሁን ሳስበው እኔም በቃሌ ነበር የማውቀው። እሷ ግን በጀርባዋ ተኝታ፣ በምጧ መካከል፣ አንቺ መስታወት እያንኳኳሽ አወቀችው።

ለእናቲቱና ለትንሿ ልጅ ጤና ይስጥልኝ በያቸው። ከሾፌሩ ጋር ተነጋግሬያለሁ፤ በሚቀጥለው የመድኃኒት ጭነት አብሬው እመጣለሁ። ወደ መጨረሻው መንደር ስትሄጂ ከፊት ወንበር እንዳታስቀምጪኝ፤ እግርሽን እያየሁ ምክር መስጠቴ አይቀርም። ከኋላ፣ እሷ የተኛችበት ፍራሽ ላይ አስተኝኝ። ዓይኔን እጨፍናለሁ። ሜዳው ሲሸከመኝ አንድ ጊዜ ልየው።

ወንድምሽ